ሕመሙ ከወገብ ወደ እግር ሲወርድ፦ ዮጋ የሚረዳበትና የማይረዳበት

«ወገቤን ያዘኝ» የሚሉ ሰዎች ሁሉ የያዛቸው አንድ በሽታ አይደለም። አንዱ ጀርካን ሲያነሣ ድንገት ቀና ማለት ያቃተው ነው፤ ሌላው ለዓመታት መሪ ጨብጦ ሲውል ወገቡ እየደነደነ የመጣበት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ የወገቡን ሕመም እስኪረሳ ድረስ ከመቀመጫው ተነሥቶ በጭኑ በስተኋላ እስከ ባቱና እስከ እግሩ ጣት የሚወርድ፣ የሚነዝርና የሚያቃጥል ሕመም እንቅልፍ የነሣው ነው። ሦስቱም ዘመድ ወዳጅ ሲያማክሩ «ብርድ መትቶህ ነው» ይባላሉ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ «ለምን ዮጋ አትሞክርም?» የሚል ምክር ተጨምሯል። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ ጉድለቱ ለሦስቱም ሳይለይ መሰጠቱ ነው፤ ምክንያቱም ለሁለተኛው ሰው እፎይታ የሚሰጥ እንቅስቃሴ ሦስተኛውን ለሳምንታት አልጋ ላይ ሊያውለው ይችላል።

ልዩነቱን ለመረዳት ወገብ እንዴት እንደተሠራ በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። የታችኛው ወገብ 5 የአከርካሪ አጥንቶች አሉት፤ በየሁለቱ አጥንቶች መካከልም ዲስክ የሚባል ትራስ አለ። ዲስኩ ከውጭ ጠንካራና ተደራራቢ ቀለበት ሲሆን ከውስጡ ውኃ የያዘ ለስላሳ ነገር አለው። ብዙ ሰው «ዲስኬ ተንሸራተተ» ሲል ትራሱ ከቦታው ወጥቶ የሄደ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዲስክ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይንሸራተትም። የሚሆነውን ለመገመት ሳምቡሳ በአንድ ጠርዙ ሲጫኑት ምስሩ በሌላው በኩል እንዴት ገፍቶ እንደሚወጣ ማሰብ ይበቃል፤ ወደ ፊት በተደጋጋሚ ወይም ከባድ ሸክም ይዘን ስንጎነበስ ለስላሳው ክፍል ወደ ኋላ ይገፋል፤ የውጩ ቀለበት የተሰነጠቀ ከሆነም በስንጥቁ በኩል ነርቮች ወደሚያልፉበት ቦታ ይወጣል።

ከወገብና ከዚያ በታች ካለው አጥንት የሚወጡት የነርቭ ሥሮች ተጣምረው በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራም የሆነውን፣ ሐኪሞች ሳያቲክ የሚሉትን ነርቭ ይሠራሉ። ይህ ነርቭ በመቀመጫ ጡንቻዎች ሥር አልፎ በጭን በስተኋላ ይወርድና ጉልበት አካባቢ ለሁለት ተከፍሎ እስከ እግር ጣቶች ይደርሳል። ሕመሙ ሳያቲካ የሚል ስም ያገኘውም ከዚሁ ነው። ዲስክ የሚወጣው በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ስለሆነ የተነካው ሥር የትኛው እንደሆነ እግሩ ራሱ ይናገራል፦ ሕመሙና መደንዘዙ በእግር ላይኛው ገጽ አልፎ ወደ አውራ ጣት የሚሄድ ከሆነና ጣቱን ወደ ላይ ማንሣት ካቃተ አምስተኛው የወገብ ሥር፣ ወደ ትንሿ ጣትና ወደ ውስጥ እግር የሚሄድ ከሆነና በእግር ጣት መቆም ካስቸገረ ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሥር መሆኑ ይገመታል። ሕመሙን የሚያመጣው የመጫን ኃይል ብቻ አይደለም። ከዲስኩ የወጣው ነገር በነርቩ ሥር ዙሪያ ብግነት ያስነሣል፤ ለዚህም ነው ትንሽ የወጣበት ሰው ሲጮህ ብዙ የወጣበት ሌላ ሰው ምንም የማይሰማው።

እዚህ ላይ ስለ ኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔት ስለሚነሣው የሰውነት ውስጥ ፎቶ፣ አንድ ነገር መናገር ግድ ይላል፤ ብዙ ሰው ከፎቶው በኋላ ከሕመሙ ይልቅ በወረቀቱ ስለሚታመም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ ምንም የጀርባ ሕመም በሌላቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ እንዳሳየው፣ ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶ፣ የ50 ዓመት ጎልማሶች 60 በመቶ፣ የ80 ዓመት አረጋውያን ደግሞ 84 በመቶ የሚሆኑት የዲስክ ማበጥ ይታይባቸዋል። ስለዚህ «ዲስክዎ አብጧል» የሚል ውጤት ብቻውን ምንም አይፈርድም፤ ፍርዱ የሚሰጠው ፎቶው፣ የሕመሙ መንገድና የሐኪሙ ምርመራ አንድ ነገር ሲናገሩ ነው። የወጣውን ዲስክም ሰውነት ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይመጠዋል፤ የሚገርመው ደግሞ ተቆርጦ በብዛት የወጣው በትንሹ ካበጠው ይልቅ የመመጠጥ ዕድሉ ሰፊ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ዮጋ ዲስክን ወደ ቦታው አይመልስም። ይህን የሚያደርግ አቀማመጥ የለም፤ ወጌሻም ቢሆን በእጁ ገፍቶ ሊመልሰው አይችልም። ዮጋ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። ወገቡን የታመመ ሰው እንዳይብስበት ብሎ መላ ሰውነቱን ያደነድናል፤ ትንፋሹን ይይዛል፣ ሲቀመጥ በአንድ ጎኑ ያዘነብላል፣ ከመንቀሳቀስ ይሸሻል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ ጥበቃ ይጠቅማል፤ በሳምንታት ሲራዘም ግን ጡንቻው ይደክማል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ነርቩም ለትንሽ መነካት የሚጮህ ይሆናል። በዝግታ የሚሠራ፣ ከትንፋሽ ጋር የተያያዘና መጠኑ የሚታወቅ እንቅስቃሴ ሰውነቱ መንቀሳቀስ አደጋ አለመሆኑን ደረጃ በደረጃ እንደገና እንዲማር ያደርገዋል። በዮጋ ውስጥ ከመለጠጡ ይልቅ ዝግታው ዋና መድኃኒት ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ጥናቶቹ የሚሉትን ሳያጋንኑ ማንበብ ያሻል። በእንግሊዝ በ313 ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ለ12 ሳምንት ዮጋ የተማሩት የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ሥራቸውን በተሻለ ሁኔታ ማከናወን እንደቻሉ አሳይቷል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በ228 ሰዎች ላይ የታተመው ሌላ ጥናት ግን ዮጋን ከተራ የማፍታታት ስፖርት ጋር አነጻጽሮ ልዩነት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በቦስተን ገቢያቸው አነስተኛ በሆነ 320 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ዮጋው ከፊዚዮቴራፒ ያላነሰ ውጤት እንደሰጠ ዘግቧል፤ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው ነገሮች መካከል ዮጋን አስገብቶታል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና መረጃ ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 21 ጥናቶችንና 2,223 ሰዎችን አሰባስቦ ሲመዝን ያገኘው ለውጥ ትንሽ ነው፦ ስፖርት ካልሠሩት ጋር ሲነጻጸር ከ100 በሚለካ የሕመም መጠን ላይ ከ5 ነጥብ በታች መቀነስ ታይቷል፤ ገምጋሚዎቹ ግን በታማሚው ሕይወት የሚሰማ ለውጥ ብለው አስቀድመው የወሰኑት 15 ነጥብ ነበር። በሌላ አነጋገር ዮጋ ከአለመንቀሳቀስ ይሻላል፤ ከሌላ ጥሩ የወገብ ስፖርት ግን የሚበልጥ አይመስልም። ይህ ዮጋን የሚያሳንስ ሳይሆን ቦታውን የሚያሳይ ነው፤ መራመድ የሚወድ ሰው ዮጋ አልሠራሁም ብሎ የሚቆጭበት ነገር የለም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ሐቅ አለ። ጥናቶቹ የተሠሩት በአብዛኛው መንስኤው ተለይቶ ባልታወቀ የቆየ የወገብ ሕመም ላይ ነው፤ ነርቩ ተጭኖ እግሩ የሚነዝረው ሰው ማለትም ሦስተኛው ሰውዬ፣ በአብዛኞቹ ውስጥ አልተካተተም። ለእሱ የሚሰጠው ምክር የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገውም ስለዚህ ነው።

ለዚህ ሰው ከሁሉ የሚበልጠውን መመሪያ የሰጠው የዮጋ መምህር ሳይሆን ሮቢን ማኬንዚ የተባለ የኒውዚላንድ ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ ነገሩም በአጋጣሚ የተገኘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በዌሊንግተን ከተማ ሕመሙ ከወገቡ እስከ እግሩ የሚወርድ አንድ ታካሚ ወደ ክፍል ገብቶ እንዲተኛ ይነገረዋል፤ የአልጋው ራስጌ ከቀደመው ታካሚ ጀምሮ ወደ ላይ ተነሥቶ ስለነበር በሆዱ ሲተኛ ወገቡ ወደ ኋላ ተለምጦ ቆየ። ማኬንዚ ሲመለስ በዚያ ሁኔታ ስላገኘው ደነገጠ፤ ሰውዬው ግን የእግሩ ሕመም ለቅቆት በሳምንታት ውስጥ እንደዚያ ተሽሎት እንደማያውቅ ነገረው። ከዚህ ተነሥቶ የተገነባው ሐሳብ ቀላል ነው፦ አንድን እንቅስቃሴ ሲደጋግሙት ሕመሙ ከእግር ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ መቀመጫ፣ ከመቀመጫም ወደ ወገብ መሐል የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ወገቡ ለጊዜው ቢብስበት እንኳ ምልክቱ ጥሩ ነው፤ ወገቡ ቀለል ብሎት ሕመሙ ወደ ባትና ወደ ጣት የሚወርድ ከሆነ ግን እንቅስቃሴው ለዚያ ሰው፣ ቢያንስ ለዚያ ሰሞን፣ የተከለከለ ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይረዳዋል፤ ወገቡ ስላመመው ጥሩውን ይተዋል፣ ወገቡ ስለተፍታታለት ደግሞ እግሩን የሚያደነዝዘውን ይቀጥላል።

ይህን መለኪያ ይዘን ወደ አቀማመጦቹ ስንመጣ ዲስኩ ለወጣበት ሰው አደገኛ የሚሆኑት በዮጋ ክፍሎች ውስጥ በብዛት የሚዘወተሩት ናቸው። ቆሞ ወይም እግርን ዘርግቶ ተቀምጦ ወደ ፊት በመታጠፍ ጣትን መንካት፣ ወይም ተቀምጦ ወገብን በኃይል መጠምዘዝ ሳምቡሳውን በፊት ጠርዙ እንደ መጫን ነው፤ በዚያ ላይ ነርቩን ከሁለት ጫፍ ይወጥረዋል። ጡንቻ ቀስ በቀስ ሲለጠጥ ይለምዳል፤ የተቆጣ ነርቭ ግን ሲወጠር የሚመግቡት ደም ሥሮች ስለሚጠብቡ የባሰ ይቆጣል። የጭን ጅማቱ እንደተሳሰረ የሚሰማው የሳያቲካ ታማሚ በእውነት የሚሰማው ብዙ ጊዜ የነርቩን መወጠር ነው፤ በነጠላ ወይም በቀበቶ እግሩን ጎትቶ «ላፍታታው» ሲል የሚያባብሰውም ለዚህ ነው። ጊዜውም ይለያል፤ ዲስኮች ሌሊት ውኃ መጥጠው ስለሚያብጡ ከእንቅልፍ በተነሡ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ወደ ፊት መታጠፍ ከቀኑ የበለጠ ይከብዳቸዋል። በሕማማት ሳምንት ስግደት የሚያበዛ ምእመን እግሩ የሚነዝረው ከሆነ በዚያ ሰሞን ምን ያህል መስገድ እንዳለበት ከንስሐ አባቱ ጋር ቢነጋገር ከዚሁ ምክንያት የተነሣ ነው።

የተሻለው መነሻ መሬት ላይ ጀርባን አሳርፎ ሁለቱንም ባቶች ወንበር ላይ መጫን ነው። ጉልበትና ዳሌ በዘጠና ዲግሪ ሲታጠፉ ወገቡ ሸክሙን ያራግፋል፤ በዚያ ሁኔታ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ አወጣጡ ከአገባቡ ረዘም ያለ ትንፋሽ መተንፈስ በሕመሙ መካከል ላለ ሰው በቂ የመጀመሪያ ቀን ሥራ ነው። ቀጥሎ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን በዝግታ ማጉበጥና ማስገባት ይመጣል፤ በዮጋ ቋንቋ ድመትና ላም ይሉታል፤ እዚህ ላይ ጥቅሙ ያለው በመሐሉ በሚደረገው ጉዞ ስለሆነ እስከ ጫፍ መሄድ አያስፈልግም። ከዚያ በሆድ መተኛት፣ ካልከፋ በክርን ተደግፎ ደረትን ቀና ማድረግና ለአንድ ሁለት ደቂቃ መቆየት፤ የማኬንዚ ታካሚ ሳያውቅ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በእጅ ሙሉ በሙሉ ተገፍቶ እንደ እባብ መነሣት ግን የሳምንታት ኋላ ነገር ነው። ጀርባ ላይ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ዳሌን ማንሣት፣ ድልድይ የሚሉት፣ የመቀመጫ ጡንቻዎችን ስለሚያጠነክር ዕቃ ሲነሣ ወገቡ ብቻውን እንዳይሠራ ያግዘዋል። በእያንዳንዱ መካከል ቆም ብሎ «ሕመሙ አሁን የት ነው?» ብሎ መጠየቅ የልምምዱ አካል ነው፤ መልሱም ወዲያው የሚሰማውን ብቻ ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት የሚሰማውንም ይጨምራል።

ከላይ የተባለው ሁሉ የሚገለበጥበት ሰው ግን አለ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ብዙ ሰዎች የሚታመሙት በወጣ ዲስክ ሳይሆን በአከርካሪው ውስጥ ያለው የነርቭ መተላለፊያ በመጥበቡ ነው። እነዚህ ሰዎች ጥቂት ሲራመዱ ሁለቱም እግሮቻቸው ይከብዷቸዋል፤ ሲቀመጡ ወይም መቋሚያ ተደግፈው ጎንበስ ሲሉ ይለቃቸዋል፤ ቁልቁለት ከመውረድ ዳገት መውጣት ይቀላቸዋል። ወደ ኋላ መለመጥ መተላለፊያውን የባሰ ስለሚያጠበው ለወጣቱ መድኃኒት የሆነው የእባብ አቀማመጥ ለእነሱ ሕመም ነው፤ የሚስማማቸው ጉልበትን ወደ ደረት ማቅረብ፣ ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ ተቀምጦ ግንባርን ትራስ ላይ ማሳረፍና ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ መጎንበስ ነው። እናትና ልጅ አብረው አንድ ክፍል ገብተው አንድ ዓይነት ዮጋ ሲሠሩ አንዷ ተሽሏት ሌላዋ የሚብስባት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከእግር የሚነሣ የነርቭ ሕመም ሁሉ ደግሞ ከወገብ የመጣ አይደለም። የሁለቱንም እግሮች ውስጥ እግር እኩል የሚያቃጥል፣ ከጣቶች ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ የሚወጣና ሌሊት የሚብስ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከስኳር በሽታ ወይም ከቫይታሚን ቢ12 እጥረት ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህ የሚያስፈልገው የደም ምርመራ እንጂ የወገብ ስፖርት አይደለም።

ዮጋ ምንጣፉ ጨርሶ የማይዘረጋበት ሁኔታም አለ። ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ ኮርቻውን የሚነካው የሰውነት ክፍል ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሽንትም ሆነ ሰገራ ሳይታወቅ ካመለጠ፣ ሁለቱም እግሮች በአንድ ጊዜ ከደከሙ፣ በአከርካሪው ግርጌ ያለው የነርቮች ጥቅል ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል፤ ቀዶ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር ሽንትን የመቆጣጠር ችሎታ ላይመለስ ይችላል። የእግር ጫፍ እየተንጠለጠለ መሬት የሚጎተት ከሆነ፣ ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የጀመረ ሕመም ከሆነ፣ ወይም ቀድሞ ካንሰር የነበረበት ሰው አዲስ የወገብ ሕመም ከጀመረው እንዲሁ አስቀድሞ ሐኪም ማየት አለበት። በአገራችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር መጠርጠር ይገባል፦ ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ፣ የክብደት መቀነስና ቢተኙም የማይለቅ የጀርባ ሕመም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ አጥንቱን እየበላ ስለሚሄድ፣ ማሸትና መለመጥ ይቅርና በጊዜ ካልታከመ ጀርባን አጉብጦ እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት ይድናል።

አጣዳፊ ምልክት የሌለው የሳያቲካ ታማሚ መቼ ስለ ቀዶ ሕክምና ማሰብ እንዳለበት በሆላንድ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት መልካም ግንዛቤ ይሰጣል። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ከባድ ሕመም ያሳለፉ 283 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ የቀሩት እየተንከባከቡ እንዲጠብቁ ተደረገ። የታከሙት ቶሎ እፎይ አሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶ የሚሆኑት ድነዋል። ከጠባቂዎቹ መካከል 39 በመቶ ያህሉ መታገሥ አቅቷቸው በኋላ ቀዶ ሕክምና እንዳደረጉም መታወቅ አለበት። ዮጋ ቦታ የሚያገኘው በዚህ የመጠበቂያ ጊዜ ውስጥና ከዚያ በኋላ ሕመሙ እንዳይመለስ በሚደረገው ጥረት ነው።

ስለ እምነት የሚነሣውን ጥያቄ ሳልነካው ባልፍ ብዙ አንባቢ ቅር ይለዋል። ዮጋ የተወለደው በሕንድ፣ በዚያ አገር የእምነትና የፍልስፍና ትውፊት ውስጥ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። በጥናቶቹ ውስጥ ለወገብ የተሰጠው ግን በዋናነት አቀማመጥ፣ አተነፋፈስና ማረፍ ሲሆን ድመት፣ ድልድይና በክርን መደገፍ ከላይ በተገለጸው መልክ በማንኛውም የፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚሰጡ እንቅስቃሴዎች ናቸው። ኅሊናው የማይፈቅድለት ሰው ዮጋ ወደሚባል ክፍል ሳይገባ ከፊዚዮቴራፒስት ተምሮ እነዚህኑ ቢሠራ ወገቡ የሚያጣው ነገር የለም።

ወደ ዮጋ ክፍል የሚገባ ሰው ግን ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት መምህሩን ለብቻው አግኝቶ ሕመሙ እስከ የት እንደሚወርድ፣ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚያወርደውና ሐኪም ምን እንዳለው ይንገረው። መምህሩ «ትንሽ ታገሥ፣ ሲለጠጥ ያማል» ካለ ሌላ መምህር መፈለግ ይሻላል፤ በእጁ ወገብን የሚጫን ከሆነም እንዲሁ። ምርኩዝ፣ ቀበቶ፣ ትራስና ወንበር መጠቀምን የሚያስተምሩ፣ ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር በሕንድ ፑኔ ከተማ ያስፋፋውን ዘዴ የሚከተሉ መምህራን ለታመመ ወገብ ይበልጥ ይስማማሉ፤ ሙቀት ባለበት ክፍል በፍጥነት ከአቀማመጥ ወደ አቀማመጥ የሚያዘልሉት ግን ለጤነኛ ሰው የተሠሩ ናቸው። በገልፍ አገሮች አረጋውያንን ከአልጋ እያነሡ የሚንከባከቡ እህቶቻችን፣ በአሜሪካ ከተሞች ቀኑን ሙሉ ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን ለክፍል የሚሆን ጊዜም ገንዘብም ላይኖራቸው ይችላል፤ ለእነሱ በየሰዓቱ ከወንበር ተነሥቶ እጅን ዳሌ ላይ አድርጎ አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ኋላ ቀና ማለት፣ ማታ ደግሞ ባትን ወንበር ላይ ጭኖ አሥር ደቂቃ መተንፈስ ጥሩ ጅምር ነው። ጥናቶቹ በአብዛኛው የ12 ሳምንት ልምምድ ስለነበሩ በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ መተው ቸኩሎ መፍረድ ይሆናል፤ እግሩ እየከፋ ከሄደ ግን 12 ሳምንት የሚጠበቅበት ምክንያት የለም።